ከአንድ ያልተመለሰ ደብዳቤ እስከ መቅደላ

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ገደል ያጠረው አገር ነው። በምዕራቡ ዓባይ፣ በሰሜኑ በሽሎ ጥልቅ ሸለቆ ሰንጥቀው ይዘውታል፤ በመካከሉ ቦረና፣ አማራ ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ ተንታና መቅደላ በአምባና በሜዳ፣ በአቀበትና በቁልቁለት ይፈራረቃሉ። ዛሬም ከመካነ ሰላም ተነስቶ መቅደላ አምባ ለመድረስ የሚያስብ መንገደኛ ጉዞውን አቅልሎ አያየውም። በ1860 ዓ.ም. ግን ከእንግሊዝና ከሕንድ የተውጣጣ ጦር ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነስቶ 600 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ እዚህ ደረሰ። ለዘመቻው 13 ሺህ የሚሆን ወታደር፣ የወታደሩን እጥፍ የሚያክል ጓዝ ጫኝና አገልጋይ፣ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ የጭነት እንስሳ ተንቀሳቅሷል። ከእንስሳቱ መካከል ከሕንድ በመርከብ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩ።

በዚያ ዘመን ከዓለም መንግሥታት ሁሉ የምትበልጠው ብሪታንያ በዚህ አምባ ላይ ምን ነበራት? መሬቱን አልፈለገችውም። ከኢትዮጵያ ጋር የነበራት ንግድ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለቅኝ ግዛት አስባ እንዳልመጣች ድሉን በጨበጠች በሁለት ወር ውስጥ ጓዟን ጠቅልላ መውጣቷ ይመሰክራል።

በተለምዶ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ፣ እንግሊዝም ልታስፈታ መጣች ይባላል። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነግሮ በመካከል ያሉትን አምስት ዓመታት ይዘላል። ጦርነቱ የተሠራው ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለንደን ላይ ጦርነት ልክፈት ብሎ የተነሳ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ ሹም በዕለቱ ትንሽና ምክንያታዊ የመሰለውን ነገር አደረገ፤ የእነዚያ ትንንሽ ውሳኔዎች ድምር ነው ዝሆኖቹን ያመጣው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቆንስል ፕላውደን ሞት ነው። ፕላውደን ከእንግሊዛዊው ጓደኛው ከጆን ቤል ጋር ለቴዎድሮስ ቅርብ ሰው ነበር፤ በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ወድቆ ቆሰለና ሞተ። ቤልም ብዙ ሳይቆይ ለንጉሡ ሲዋጋ ወደቀ። የለንደን ባለሥልጣናት ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ከአገሩ ውስጣዊ ጉዳይ መራቅ ይሻላል የሚል ነበር። ስለዚህ አዲሱ ቆንስል ካፒቴን ካሜሮን በ1854 ዓ.ም. ምጽዋ ሲደርስ መቀመጫው ባሕር ዳርቻው እንዲሆን፣ በመሳፍንቱ ጠብ ውስጥም እጁን እንዳያስገባ ታዝዞ ነበር። ሆኖም ስጦታ ይዞ ወደ ንጉሡ ሄደ፤ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተቀበሉት፤ ለንግሥት ቪክቶሪያም ደብዳቤ ጻፉ።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር ወዳጅነት ነበር። መልእክተኞች ወደ ለንደን ለመላክ ይፈልጋሉ፤ የባሕሩን በር ግን ቱርክና ግብፅ ይዘውታል፤ ስለዚህ መንገዱ እንዲከፈት ክርስቲያኗ ንግሥት ትርዳኝ የሚል ነው። ደብዳቤው በየካቲት 1855 ዓ.ም. ለንደን ደረሰ። መልስ አልተሰጠውም፤ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙዎች ይህን ዝምታ የአንድ ጸሐፊ ስንፍና አድርገው ያልፉታልና። ስንፍና ነበረበት። ከስንፍናው ጀርባ ግን ፖሊሲ ቆሟል። ብሪታንያ በክራይሚያ ጦርነት ከቱርክ ጎን ተሰልፋ ሩሲያን ወግታ ነበር። ወደ ሕንድ የምትሻገረው በግብፅ በኩል ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጥጥ አቅርቦቷን ስላቋረጠው ደግሞ ዓይኗ በናይል ሸለቆ ላይ ነበር፤ ካሜሮን ራሱ የንጉሡን ደብዳቤ ይዞ በመሄድ ፈንታ በቦጎስ አድርጎ በግብፅ ወደምትገዛው ከሰላ አመራ። እንዲህ ያለ መንግሥት በሃይማኖት ወንድምነት ስም ቱርክን ተቃወሚልኝ ለሚል ንጉሥ እሺ ቢል ከወዳጆቹ ይጣላል፤ እምቢ ቢል ቴዎድሮስን ያስቀይማል። ዝም ማለት ርካሽ መሰለ። ርካሽ የመሰለው ዝምታ ቆይቶ ብሪታንያን ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አስወጥቷታል።

ካሜሮን ከከሰላ መልስ ሳይዝ ሲመለስ ንጉሡ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የደብዳቤዬ መልስ የታለ? ጠላቶቼ ዘንድ ሄደህ ምን ስትሠራ ቆየህ? በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. ካሜሮን ታሰረ። ከእሱም በፊትና በኋላ ሚሲዮናውያንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ጊዜንና ርቀትን ማስታወስ ይገባል። ከጎንደር እስከ ለንደን አንድ ደብዳቤ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ብዙ ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ ለንደን መልስ የምትሰጠው ሁልጊዜ ላለፈ ጥያቄ ነበር። ካሜሮን መታሰሩ ሲሰማ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ተረስቶ የነበረው ደብዳቤ ተፈልጎ ወጣና ንግሥቲቱ የፈረመችበት መልስ ተዘጋጀ። ይህን መልስ እንዲያደርስ የተመረጠው በኤደን የእንግሊዝ አስተዳደር ረዳት ሹም የነበረው ሆርሙዝ ራሳም ነው። የሞሱል ተወላጅ ነው፤ አረብኛ አቀላጥፎ ይናገራል። በሐምሌ 1856 ዓ.ም. ምጽዋ ደረሰ፤ ንጉሡ ና እስኪሉት ከአንድ ዓመት በላይ በዚያ ሙቀት ጠበቀ። በጥር 1858 ዓ.ም. ከቴዎድሮስ ጋር ሲገናኝ በክብር ተቀበሉት፤ እስረኞቹም ተፈቱለት።

ነገሩ በዚህ ማለቅ ይችል ነበር። ንጉሡ ግን አሁን የሚፈልጉት ሌላ ነው፤ መድፍ የሚያፈስሱ፣ መንገድና መሣሪያ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች። በጋፋት የሰፈሩት አውሮፓውያን ሠራተኞች የሠሩላቸው አልበቃቸውም። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ራሳምና ሁለቱ ባልደረቦቹ፣ ዶክተር ብላንክና ሌተናንት ፕሪዶ፣ ከቀድሞዎቹ እስረኞች ጋር ተያዙ። ሚሲዮናዊው ፍላድ ሚስቱንና ልጆቹን በመያዣነት ትቶ ባለሙያ ለማስመጣት ወደ እንግሊዝ ተላከ። እስረኞቹ በሐምሌ ወደ መቅደላ አምባ ወጡ።

እኔ ዋናው መታጠፊያ ይህ ነው እላለሁ። አንዱን ቆንስል ሊያስፈታ የሄደ መልእክተኛ ራሱ እስረኛ ሆነ። ካሜሮን ትእዛዝ አልፎ ወደ ውስጥ የገባ ቆንስል ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ ራሳም ግን የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ በመንግሥት ትእዛዝ የሄደ ሰው ነው። ለንደን ነገሩን ለማቅለል ስትል የወሰደችው እርምጃ የራሷን ክብር በመያዣ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማፈግፈግ በእያንዳንዱ ወር የበለጠ የሚያሳፍር ሆነ። ባለሙያዎቹና ማሽኖቹ እንኳ ምጽዋ ደርሰው ነበር፤ ብሪታንያ መጀመሪያ እስረኞቹ ይፈቱ አለች፤ ቴዎድሮስ መጀመሪያ ባለሙያዎቹ ይምጡ አሉ። ሁለቱም ቀድሞ መስጠትን ሽንፈት አድርገው አዩት።

በዚህ መካከል ለንደን ላይ ሦስት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ተፈራርቀዋል፤ ራስል፣ ክላረንደን፣ ስታንሊ። እያንዳንዱ ያላመጣውን ችግር ወረሰ፣ አክሎበትም አለፈ። ጋዜጦች ጮኹ፤ የእስረኞቹ ዘመዶች ወተወቱ። ከሁሉ የበለጠው ግን ከሕንድ የመጣው ሙግት ነው። ታላቁ የሕንድ አመፅ ከተቀሰቀሰ ገና አሥር ዓመቱ ነበር፤ አንድ አፍሪካዊ ንጉሥ የእንግሊዝን መልእክተኛ በእግር ብረት ይዞ ምንም ካልሆነ፣ ሕንዶች ምን ይማራሉ ተባለ። እንዲህ ሲሆን መቅደላ የመቅደላ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። የሩቅ ጦርነት መለያው ይህ ይመስለኛል፤ የሚዋጉበት አገር ራሱ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ለሌላ ሕዝብ የሚታይ ማስተማሪያ ነው።

በነሐሴ 1859 ዓ.ም. ዘመቻው ተወሰነ፤ መሪነቱ የቦምባይ ጦር አዛዥ ለነበረው ለጄኔራል ናፒየር ተሰጠ። ፓርላማው ያለ ወቅቱ በኅዳር ተጠርቶ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠየቀ፤ የገቢ ግብርም ተጨመረ። የሕንድ ወታደሮች መደበኛ ደመወዝ ከሕንድ ገንዘብ እንዲከፈል ተደረገ፤ በነገሩ የሌሉበት የሕንድ ገበሬዎች ለመቅደላ ገበሩ ማለት ነው። ሒሳቡ ሲዘጋ ወጪው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ወጪው ለምን ናረ? አገሩ ስላልታወቀ ነው። መሸነፍ የማይታሰብ ስለሆነ ሁሉም ነገር በእጥፍ ታዘዘ። በቀይ ባሕር ጠረፍ ዙላ ላይ የመርከብ ማቆሚያ ተሠራ፤ የባሕር ውኃ እያተነኑ የሚያጣሩ መርከቦች ቆሙ፤ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ የቴሌግራፍ ሽቦ ጦሩን ተከትሎ ወደ ደጋው ወጣ። የአገሬው ሰው የሚቀበለው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ብቻ ስለሆነ ከቪየና አዲስ ብር ተመትቶ መጣ። ብሩ በየመንገዱ ለእህል፣ ለድርቆሽ፣ ለበቅሎ ተከፈለ። ከትግራይ እስከ ደላንታ ባለው ደጋ በአንድ ጊዜ የፈሰሰው ያ ሁሉ ብር በገበያው ላይ ምን እንዳደረገ ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ጉዳይ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት የዘማቹን ወገን ብቻ ነው። ኃያል አገር ወደ ሩቅ ጦርነት ሲገባ ግን ከውስጥ የሚስበውም አለ። ናፒየር ከዙላ እስከ በሽሎ ድረስ አንድም ጦርነት አልገጠመውም። ይህ የጦር ስልቱ ውጤት ብቻ አይደለም፤ የሚያልፍበት አገር ከቴዎድሮስ እጅ ወጥቶ ነበር። ትግራይን የያዙት ካሳ ምርጫ አሳለፉት፤ የላስታው ዋግሹም ጎበዜ አልተከላከሉትም፤ ሸዋ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ምኒልክ ተመልሷል። ሁሉም የባዕዱን ጦር በየራሱ ሒሳብ መዘነው።

ከሁሉ ይልቅ ወሎን ልብ ማለት ይገባል። መቅደላ የወረ ሂመኑ ባላባቶች አምባ ነበር፤ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀምተው ምሽግ፣ ግምጃ ቤትና ወህኒ አደረጉት። ወሎ ግን አልተገዛላቸውም። በየዓመቱ ዘመቱበት፤ ዘመቻው አገሩን አራቆተ፤ ሰውም ጠላቸው። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው የወሎ ገዢ ከነበረችው ከወይዘሮ ወርቂት ዘንድ ሲገቡ፣ ቴዎድሮስ በእጃቸው የነበረውን የወርቂትን ልጅ ከሌሎች የወሎ መኳንንት ጋር ገደል አስወረወሩት። ያቺ እናት፣ እንዲሁም የሥልጣን ተቀናቃኟ ወይዘሮ መስተዋት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የባዕድ ጦር ወደ በሽሎ ሲቃረብ ምን ይሰማቸዋል ብለን እንጠብቃለን? ናፒየር ከአምባው በስተኋላ ያለውን መውጫ እንዲዘጉ ላከባቸው። የመስተዋት ፈረሰኞች ዘጉት። ቴዎድሮስ በመጨረሻው ሰዓት በካፊር በር ወጥተው ለማምለጥ ሲያስቡ የወሎ ሰው ከታች እየጠበቃቸው ነበር። እነዚህን ሴቶች ከባዕድ ጋር አበሩ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ያን ፍርድ ለመስጠት አልደፍርም። የማእከላዊ መንግሥት ሠራዊት ዓመት በዓመት የሚያቃጥለው አገር ለዚያ መንግሥት የሚሞትበት ምክንያት አይኖረውም።

በዚሁ ወራት ቴዎድሮስ ራሳቸው ወደ መቅደላ በሌላ አቅጣጫ ይጓዙ ነበር። ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ ድንጋይ እየፈለጡ መንገድ እየሠሩ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ያን መንገድ በገደሉ ላይ የቀደደ ሰው ታላቅ መሐንዲስ እንደነበር ለመመስከር የናፒየር ጦር በቂ ነው፤ ወደ በሽሎ ሲወርድ በቴዎድሮስ መንገድ ተጠቅሟል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ከኋላው በሚጎርሰው አዲሱ የስናይደር ጠመንጃ ፊት ፊታውራሪው ከ700 ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ወደቀ። በእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ሰው ነው፤ ከእነሱም ሁለቱ በኋላ ሞቱ። በማግስቱና በትንሣኤው ዕለት ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን እስረኞች በሙሉ ለቀቁ፤ ለበዓሉም የእርድ ከብት ላኩ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የሚገለጠው። ዘመቻው የተከፈተው እስረኞቹን ለማስፈታት ነበር፤ እስረኞቹ ተፈቱ። ጦሩ ግን አልተመለሰም። ናፒየር አሁን የሚፈልገው ንጉሡ እጃቸውን እንዲሰጡ፣ አምባውም እንዲለቀቅ ነበር። ከብቱም አልተቀበለም። ሚያዝያ 6፣ የትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ መድፍ መቅደላን ደበደበ፤ ወታደሩ በኮከት በር በኩል ገባ፤ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዛውያን ጸሐፊዎች ለዚህ መከራከሪያ ያቀርባሉ፤ ከጦርነቱ ዋዜማ ንጉሡ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ገደል እንዳስወረወሩ ይጠቅሳሉ። ይህ እውነት ነው፤ ልንሸፍነውም አይገባም። ነገር ግን ለንደን ያን ጦር የላከችው ለኢትዮጵያውያን እስረኞች አዝና አልነበረም። ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ፣ ያን ያህል ርቀት ተጉዞ፣ ንጉሡን አምባው ላይ ትቶ መመለስ ለአዛዡም ለመንግሥቱም የማይዋጥ ስለሆነ ነው። ወጪው ራሱ ዓላማ ወለደ።

ከዚያ የተከተለው ዝርፊያ የታወቀ ነው። ቴዎድሮስ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታት፣ ዘውድና ጽዋ ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረቡ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር ተልኮ ነበር፤ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎችን ይዞ ተመለሰ። እስረኛ ለማስፈታት የሚሄድ ጦር የሙዚየም ገዢ ለምን እንዳስፈለገው ያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አምባው ተቃጠለ፤ ክረምቱ ሳይገባ ጦሩ ወጣ። ይህ መውጣት ከሌሎች የሩቅ ጦርነቶች ይለየዋል፤ ብሪታንያን ያዳናትም ይኸው ነው። አገሩን አትያዝ የሚለው መመሪያ ገና ከጅምሩ ተጽፎ ነበር፤ ናፒየርም ጠበቀው። ጣሊያን ግን ሌላ መንገድ ሄደች። በ1862 ዓ.ም. አንድ የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ ቁራሽ መሬት ገዛ። መንግሥት በ1874 ተረከበው። በ1877 ምጽዋን ያዘ፤ ወደቡን ለመጠበቅ ሰሃጢን መያዝ ግድ ሆነበት። በጥር 1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 የሚሆን የጣሊያን ጦር ሲደመስሱ፣ ሮም የሞቱትን ደም ለመመለስ ብላ 20 ሺህ ያህል ሰው ላከች። በሚያዝያ 1881 ከመቅደላ በስተምሥራቅ በምትገኘው ውጫሌ ውል ተፈረመ፤ ብዙ ሳይቆይ አስመራ ተያዘ፤ የውሉ አንቀጽ 17 ደግሞ ያልተዋጉበትን አገር በወረቀት ለመያዝ ተሞከረበት። በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ ክተቱን ወረኢሉ ላይ አደረጉ፤ የካቲት 23 ላይ ዓድዋ ሆነ። ጣሊያንም እንደ ብሪታንያ በትንንሽ እርምጃ ነው የገባችው፤ እሷ ግን በየእርምጃው መሬት ጨበጠች፤ የጨበጡት መሬት ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂውም ሌላ ጠባቂ።

ልክ ከመቅደላ መቶ ዓመት በኋላ አሜሪካ ቬትናም ውስጥ በዚሁ መንገድ ላይ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ 16 ሺህ ያህል የጦር አማካሪዎች ነበሯት፤ በ1968 ከ500 ሺህ በላይ ወታደር። እዚያም ሙግቱ ስለ ቬትናም አልነበረም፤ ሌሎች አገሮች ምን ይማራሉ የሚል ነበር።

ኃያሉ ሲወጣ ሒሳቡን ዘግቶ ይወጣል፤ ለባለ አገሩ ግን አይዘጋም። ናፒየር ለካሳ ምርጫ መድፍና በብዙ መቶ የሚቆጠር ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ፤ ከጦሩ ጋር የመጣው ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊም ሠራዊታቸውን አሠለጠነ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ካሳ በቁጥር የሚበልጣቸውን የዓፄ ተክለ ጊዮርጊስን፣ የቀድሞውን ዋግሹም ጎበዜን፣ ጦር አሰም ላይ ድል ነሡ፤ ከስድስት ወር በኋላም ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። የአገሪቱ ዙፋን በከፊል በመቅደላ ዘመቻ ትርፍ መሣሪያ ተወሰነ። ወሎም በሸዋና በሰሜኑ ንጉሥ መካከል ገብቶ ለሁለቱም የዘመቻ ሜዳ ሆነ። ወርቂትና መስተዋት የናፒየርን ጦር ያገዙት ነፃ ለመውጣት ከነበረ፣ ያገኙት የጌታ ለውጥ ነው።

የዚህ ሁሉ ታሪክ የእንግሊዝ ወገን እስከ በቅሎ ቁጥሩ ተጽፏል። ራሳም ጽፏል፤ ብላንክ ጽፏል፤ ማርክሃም ጽፏል፤ የጦሩ ይፋዊ መዝገብ በሁለት ጥራዝ ታትሟል። የወሎን ወገን ፈልጎ የሚያነብ ሰው ግን የሚያገኘው በባዕዳን መጽሐፍ ውስጥ የተጣሉ ጥቂት መስመሮችን ነው። መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ያለው፣ ስሙንም ከዚያ አምባ የወሰደው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ከማንም የቀረበ ነው። በተንታ፣ በለጋምቦና በቦረና የሚነገረውን የትውልድ ሐረግና አፈ ታሪክ ተናጋሪዎቹ ሳያልፉ መቅዳት፣ በየገዳማቱና በየመስጊዶቹ ያለውን ጽሑፍ መመዝገብ፣ መስተዋት ለናፒየር እሺ ስትል ምን ተስፋ እንደተሰጣት መጠየቅ ይችላል። ሥራው የሚጠይቀው መቅረጸ ድምፅ፣ አንድ ሁለት የታሪክ መምህራንና የአገሩን ቋንቋና ወግ የሚያውቁ ተማሪዎችን ነው።